የእንግዳ ዕዳ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ምሳሌ ስለ ኅብረት ጥቅም ከተነገሩት ሁሉ አጭሩና ምሉዑ ነው። ሸክም ሲከፋፈል ይቀላል፤ ቀልሎም ጌጥ እስከ መሆን ይደርሳል። ዳሩ ግን ይህ ሒሳብ ለጥፋትም ይሠራልን? አንድ በደል ለሃምሳ ሰው ቢከፋፈል እንደ ሎሚው ቀልሎ ከቁጥር ይወጣልን? ይህ ጥያቄ የባሌን ተራሮች በቡድን የሚጎበኝ መንገደኛ ሁሉ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ ነው።

በሌላው ዓለም ወጣቶች ተሰባስበው፣ ድንኳናቸውን ጭነው የሞቃቱን ባሕር ዳርቻ ይዘው ይጓዛሉ። ባሕር የሌለን የእኛዎቹ ደግሞ ወደ ደጋው ያቀናሉ። ከአዲስ አበባ ተነሥተው በሻሸመኔ በኩል ዶዶላንና አዳባን አልፈው ዲንሾ ሲደርሱ፣ በጥዱና በኮሶው ጥላ ሥር የሚግጠውን የደጋ አጋዘን ያያሉ። በሮቤ ስንቃቸውን ሞልተው ከጎባ በላይ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣሉ። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ በዚያ አለ፤ ጅብራው በጉም ውስጥ እንደ ዘበኛ ቆሞ፣ ቀይ ቀበሮው በፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ አድብቶ ይታያል። ከአምባው ማዶ መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐረና ደን ይወርዳል። ማለዳ ውርጭ የረገጠ እግር ከቀትር በኋላ በጫካ ቡና ጥላ ሥር ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ሀገሩን ቢወድ አይፈረድበትም።

ሌሊቱ ግን ብርድ ነው፤ እሳትም ያሰኛል። አንዱ የአስታ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ሁለተኛውም አንድ፣ ሦስተኛውም አንድ። እያንዳንዱ የሚያስታውሰው የገዛ ቅርንጫፉን ብቻ ነው። በማለዳ ዛፉ የለም፤ ዛፍ ቆርጫለሁ የሚልም የለም። እነሆ፣ ጥፋቱ ለሁሉ ተከፋፍሎ በማንም ላይ ሳይከብድ ቀረ። የሎሚው ሒሳብ በሰው ኅሊና ላይ ሲሠራ ውጤቱ ይህ ነው።

ይህን ሒሳብ ባሌ በከባድ ዋጋ ታውቀዋለች። በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በወይብ ሸለቆ ገብቶ በዚያ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉን ፈጀ። በዓለም ላይ ያሉት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ፣ ከግማሽ የሚበልጡትም የባሌ እንደ ሆኑ ላሰበ ሰው፣ ይህ ተራ እልቂት አይደለም። በሽታውን ወደ ቀበሮዎቹ ያደረሱት የቤት ውሾች ነበሩ። የማን ውሻ? ብሎ የጠየቀ መልስ አያገኝም፤ ውሻ በየቤቱ አለና። መከላከያው ግን የተመሠረተው በዚያው በየቤቱ ነው፤ ውሾች አንድ በአንድ ተከተቡ፣ ቀበሮዎችም ተከተቡ። ጥፋት ባለቤት ባይኖረው እንኳ ጥበቃ ባለቤት ይሻል።

በቡድን መጓዝ ለባሌ እንግዳ ነገር አይደለም። የድሬ ሼህ ሁሴን ተሳላሚዎች ጫፉ እንደ ባላ የተከፈለውን በትራቸውን ይዘው፣ እያዜሙ፣ ከሩቅ አገር በእግር ሲመጡ ኖረዋል። በመንገዳቸው ያለው ባለ አገር ያሳድራቸዋል፤ እነርሱም መርቀውት ይሄዳሉ። የደጋው አርብቶ አደርም ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ እንደ ወቅቱ ከብቱን ከደጋ ወደ ደን፣ ከደን ወደ ደጋ ሲያዘዋውር ሜዳ ላይ ያድራል። እነዚህን መንገደኞች የሚገዛቸው ምንድር ነው? ተመልሰው መምጣታቸው ነው። በከርሞው መንገድ ያው ምንጭ፣ ያው ደጃፍ፣ ያው ፊት ይጠብቃቸዋል። በገሰራ ገበሬ ደጅ «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ የቆመ ሰውም ቢሆን ስሙንና አገሩን ሳይናገር አያድርም። የሁለት ቀን ጎብኚ ግን ስሙን ሳይናገር አድሮ፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። የጎረቤት ዓይን የማያየው እንደ መሆኑ፣ የዚያን ዓይን ሥራ የገዛ ኅሊናው ሊሠራ ይገባል።

«ተራራውን የሚያራቁተው በውስጡ የሚያርሰውና የሚሰፍረው ነው እንጂ የእኛ አንድ ሌሊት እሳት አይደለም» የሚል ተከራካሪ ይኖር ይሆናል። እርሻና ሰፈራ በብሔራዊ ፓርኩ ላይ ያደረሱት ጉዳት ከጎብኚው እሳት እጅግ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የሌላውን በደል ከራስ በደል ጋር መመዘን ያንኑ ሎሚ እንደ ገና ማከፋፈል ነው። ደግሞም ያ ገበሬ የሚቆርጠው ለጎጆውና ለልጆቹ ነው፤ እኛ ግን ለደስታችን። ለችግር የሚሰጠውን ምሕረት ለደስታ መጠየቅ ፍርድ ማዛባት ነው።

ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከዚህ ደጋ የሚነሣው ወይብ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ሰንጥቆ ያልፋል፤ የባሌ ውኃ ወርዶ ወርዶ የሶማሌን ቆላ ያጠጣል። ስለዚህ የእንግዳው ዕዳ ፊቱን ላላየው፣ ገና ላልተወለደም ሰው ጭምር ነው።

መፍትሔው ከኅብረት መሸሽ አይደለም። እድራችን ዳኛ አለው፤ እቁባችንም ዳኛና ጸሐፊ አለው፤ ሁሉ የሚያዋጣበት ነገር አንድ ተጠያቂ ከሌለው እንደሚፈርስ አባቶቻችን ዐውቀዋልና። የመንገድ ቡድኖቻችን ግን ገንዘብ ያዥ ይመርጣሉ እንጂ ስለ እሳቱና ስለ ሰፈሩበት ሣር የሚጠየቅ ሰው አይሾሙም። ይሹሙ። እርሱም ድንኳን ከተነቀለ በኋላ የመጨረሻው ሰው ሆኖ ይቅር፤ አመዱን በእጁ ዳስሶ መብረዱን ሳያረጋግጥ መኪና አይሳፈር። ሎሚውን ሃምሳ ሰው ይሸከመው፤ የቦታውን አደራ ግን እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን ይሸከም።