ቤተ ክርስቲያን መትከል ምን ማለት ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በጉባኤያችን ላይ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት በቆላው አገር ቤተ ክርስቲያን እንትከል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ሁላችንም በእልልታ ተቀብለነዋል። ሐሳቡ እንደ ቀረበ ወዲያውኑ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ሲሚንቶና ስለ ምስማር ዋጋ መነጋገር ጀመርን። ይህም የሚያስመሰግን ትጋት ነው። ነገር ግን ከዋጋው በፊት መመለስ ያለበት አንድ ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ይኸውም የምንተክለው ምንድን ነው? ቤቱን ነውን ወይስ በቤቱ ውስጥ የሚያገለግለውን ሰው? ሁለቱንም ነው ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ገንዘቡ ለሁለቱ ባይበቃስ? የሚበቃም አይመስለኝም።

እኛ የደልጊ ልጆች ሁለት ዓይነት አገር በሚገናኝበት ስፍራ ተወልደን አድገናል። ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ብንመልስ ጣና ነው። የሐይቁ ደሴቶች 37 ያህል መሆናቸው ይነገራል፤ ከእነርሱም 20 ያህሉ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን ያለባቸው አለዚያም የነበረባቸው ናቸው። ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ ክብራን ገብርኤል፣ በልሳነ ምድሩም የዘጌ ገዳማት እያልን ስንቆጥር ያደግንባቸው ስሞች ናቸው። ፊታችንን ወደ ምዕራብ ብንመልስ ደግሞ ቋራ አለ፤ ከቋራ ወዲያ ሱዳን ነው። የቋራና የመተማ ቆላ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። በየዓመቱ ክረምት ሲገባ ለአረም፣ ከመስቀል ወዲህ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ እጅግ ብዙ የደጋና የወይና ደጋ ጎልማሳ ወደዚያ ይወርዳል። ከመካከላችን ወንድሙ ወይም አጎቱ ያልወረደ ቢኖር ጥቂት ነው። በከተሞቹ አብያተ ክርስቲያናት አሉ፤ ሠራተኛው የሚያድረው ግን ከከተማ ርቆ በእርሻው መካከል በዳስ ውስጥ ነው። ፍልሰታን ያለ ቅዳሴ ያሳልፋል። ወባ ወይም በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር ሲጥለው ኑዛዜ የሚቀበለው ካህን በአጠገቡ የለም። ቢሞትም ያለ ፍትሐት የሚቀበርበት ጊዜ አለ፤ እናቱ የምትሰማው የሥራው ወራት አልፎ ጓደኞቹ ሲመለሱ ነው። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን የሌለበት ስፍራ ስንል በካርታ ላይ የምንፈልገው የሩቅ አገር ብቻ አይደለም። የራሳችን ሰው በዓመት ውስጥ ለብዙ ወራት የሚኖርበት ስፍራ ነው።

ታዲያ አባቶቻችን እንዲህ ባለው ስፍራ እንዴት ተከሉ? ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጎርጎራ በጎረቤታችን ነው። ወደዚያ የተሻገረ ሁሉ ሁለት ነገር አይቷል። አንደኛው ማርያም ግምብ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ ኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን በድንጋይና በኖራ ያሠሩት ታላቅ ሕንጻ ነበር። በዘመኑ በአገራችን እንደ እርሱ ያለ አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1618 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አልፎንሶ ሜንዴዝ በንጉሡ ፊት የሮማን ሥርዐት አወጁ፤ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና እንዲካኑ ተባለ። ሕዝቡም ተነሣ። በ1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በዚያው ዓመት ንጉሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሁለተኛው ደብረ ሲና ማርያም ናት፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንደ ተመሠረተች የሚነገርላት፣ ክብ፣ በሣር ክዳኗ የታወቀች ቤተ ክርስቲያን። በድንጋይና በኖራ የተሠራው ዛሬ ፍርስራሽ ነው፤ በእንጨትና በጭቃ በተሠራችው ግን ይቀደስባታል።

ይህን የምለው ካቶሊኮችን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከእኛም ወገን ተመሳሳይ ነገር ተደርጓል። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ በዐዋጅ አስገደዱ። ብዙዎቹም ቀን ክርስቲያን ሌሊት እስላም ሆነው ኖሩ፤ ሌሎቹ አገር ለቀው ተሰደዱ። በዐዋጅ የተተከለ ነገር ሥሩ በሰው ልብ ውስጥ ስለማይገባ አዋጁ ሲነሣ አብሮ ይነሣል።

በጣና ደሴቶች የሰፈሩት አባቶች ግን አካሄዳቸው ሌላ ነበር። አቡነ ሂሩተ አምላክ በሐይቅ እስጢፋኖስ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ እግር ሥር ተምረው ወጥተው ዳጋን እንደ መሠረቱ ይነገራል። አቡነ በትረ ማርያም ዘጌን ያዙ። የዘጌን ነገር ልብ በሉ፤ እስከ ዛሬ በዚያ ልሳነ ምድር ላይ በበሬ አይታረስም፣ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናና በጌሾ፣ በዛፍ ፍሬ ነው። ይህም ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን የመጣ ነው ይባላል። አንድ መነኩሴ ሕንጻ ብቻ ሳይሆን የአኗኗር ሥርዐት ተክሎ ከ600 ዓመት በላይ ጸና ማለት ነው። ይህ የሆነው ግን አባ ደርሶ መልስ ስላልነበሩ ነው። በዚያው ኖሩ፤ በዚያው ዐረፉ።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር ልመለስ። በሥርዐታችን መሠረት ቅዳሴ ለመቀደስ ቢያንስ 5 ልዑካን ያስፈልጋሉ፤ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት። እነዚህ 5 ሰዎች ከሌሉ ከእምነ በረድ የተሠራ ሕንጻ ቢቆም ቅዳሴ የለም። በገጠር በቆርቆሮ አምረው ተሠርተው ካህን አጥተው ደጃቸው የተዘጋ አብያተ ክርስቲያናት መኖራቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱም የታወቀ ነው። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ካህኑ የሚኖረው በቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። ከዚያ ወዲህ ኑሮው በሰበካ ጉባኤው አስተዋጽኦና በራሱ እርሻ ላይ ወድቋል። ምእመናኑ ብዙ በሆኑበት ደብር ይህ ያዘልቃል። ምእመናኑ 20 አባወራ በሆኑበት፣ ወይም አጨዳው ሲያልቅ በሚበተኑበት በቆላው ግን ማን ይቀልበዋል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ለሲሚንቶ ገንዘብ መስጠት ለእኛ ይቀለናል። ሲሚንቶ ይታያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በምረቃው ቀን ስማችን ይጠራል። ደግሞም ሲሚንቶ በሐምሌ እህል አይጠይቅም። ካህኑ ግን ይጠይቃል፤ ሚስትና ልጆች አሉት፣ ልጁ ወባ ይዞት ያድራል። ለካህን የወር መተዳደሪያ ማዋጣት ማለቂያ የሌለው፣ የማይመረቅ ሥራ ነው። ይህ ከሆነ ዘንድ ሕንጻን የምናስቀድመው ለቆላው ሰው ስለሚጠቅም ነውን ወይስ እኛን ደስ ስለሚያሰኘን?

አንዳንድ ወንድሞች «ቤት በሌለበት ታቦት እንዴት ይገባል? ከዛፍ ሥር ይቀደሳልን?» ይላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ታቦት ያለ ክብር አይቀመጥም፤ ይህንም የሚወስነው ሊቀ ጳጳሱ እንጂ እኛ አይደለንም። ሆኖም ለጥምቀት ታቦታቱ ወደ ውኃው ወርደው በድንኳን ያድራሉ፤ በዚያም ይቀደሳል። የደብረ ሲናም ነገር ከዚህ በላይ ተነግሯል። የሣር ክዳን ያለው ንጹሕ መቃኞ ለመጀመሪያው ይበቃል። ሕንጻው የምእመናኑ ቁጥር ሲበዛ በራሳቸው እጅ ይሠራ። በራሱ እጅ የሠራውን ቤት ሰው አይተወውም።

ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በቆላው የሚኖሩት የእኛ የቀን ሠራተኞች ብቻ አይደሉም፤ በቋራ፣ በመተማና በመተከል የጉሙዝ ሕዝብ አለ። እኛ ደገኞች ይህን ሕዝብ በማይወደው የስድብ ስም ስንጠራው ኖረናል። ከዚያም በላይ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ደገኛ እየወረደ ልጆቻቸውን ለባርነት ይነጥቅ ነበር። በቅርቡ ዘመንም በመተከል በሁለቱም ወገን የንጹሐን ደም ፈስሷል። እንግዲህ አያቱ የተሸጠችበት ሰው ከደጋ የመጣ ካህን መስቀል ይዞ ሲያይ ምን ያስባል? ስለዚህ እላለሁ፤ የመጀመሪያው ሥራ ስብከት አይደለም። ቋንቋቸውን መማር፣ በገበያቸው እኩል መቀመጥ፣ እንጀራቸውን ሳይጸየፉ መብላት ነው። ስንዴና ልብስ እያከፋፈሉ ማጥመቅም አይገባም፤ ተርቦ የተጠመቀ ሰው ያመነው ስንዴውን ነውና። ከሁሉም የሚሻለው ከዚያው ሕዝብ የተወለደ ዲያቆን፣ ከዚያም ቄስ እንዲወጣ ማድረግ ነው። በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየቋንቋው የሚያስተምሩ የአካባቢ ተወላጆችን ለማሠልጠን የሚደክመው ይህን ተረድቶ ይመስለኛል። በዚያው ላይ ከዳር አገር ሳንወጣ፣ በሐይቃችን ዳር ታንኳ እየሠራ ለዘመናት ያሻገረን የወይጦ ሕዝብ አለ። ሙስሊም ጎረቤታችን ነው። አብሮት ለመብላት የሚጸየፍ ክርስቲያን ጉሙዝ ዘንድ ሄጄ ፍቅርን እሰብካለሁ ቢል ማን ያምነዋል?

ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ ልጨምር። አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ፣ በኋላ አቡነ ይስሐቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጃማይካ ተልከው ነበር። በዚያ ይጠብቋቸው ከነበሩት ውስጥ ብዙዎቹ ራስተፈሪያን ነበሩ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴን እንደ አምላክ የሚያዩ። አንዳንዶቹ በንጉሡ ስም አጥምቁን ብለው ጠየቁ። አባ እንቢ አሉ፤ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ብቻ አሉ። ብዙዎቹ ተቆጥተው ሄዱ። አባ ግን ቁጥር ለማብዛት ብለው ሃይማኖቱን አላቀለሉም፤ የሄዱትንም አላሳደዱም፤ እያስተማሩ ቆዩ። ዘፋኙ ቦብ ማርሊ በእጃቸው የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ ከተላኩ ከ10 ዓመት በኋላ። እኛ ግን በአንድ የበጋ ዕረፍት ሄደን ተክለን ልንመለስ እናስባለን።

ስለዚህ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሰበሰብነው ገንዘብ ቆርቆሮ አይገዛበት። ሊቀ ጳጳሱ ቢፈቅዱና ቡራኬ ቢሰጡ፣ ገንዘቡ ለ2 ቀሳውስትና ለ3 ዲያቆናት ከሰኔ እስከ ኅዳር ድረስ ለቀለብ፣ ለአጎበርና ለመድኃኒት ይዋል። ሠራተኛው በሚወርድበት ጊዜ አብረውት ይውረዱ፤ በሚመለስበት ጊዜ ይመለሱ። የታመመውን ያናዝዙ፣ የሞተውን ይፍቱ፣ ስሙንና አገሩን ጽፈው ለቤተ ሰቡ ያስታውቁ። ከ3 ዓመት በኋላ በዚያው ለመቅረት የሚፈቅድ ካህንና በዚያው የሚኖር ምእመን ከተገኘ ያን ጊዜ ስለ ሕንጻ እንነጋገራለን። ከመካከላችን ዲያቆናት አሉ፤ ለዘንድሮው ሰሊጥ ለመውረድ ስንቃቸውን እየቋጠሩ ያሉም አሉ። እነዚህ ሁለቱ ከመጪው እሑድ ጉባኤ በፊት ተገናኝተው የትኛው እርሻ ስንት ሰው እንዳለበት፣ ከከተማውም የስንት ሰዓት መንገድ እንደሆነ ቢነጋገሩና ለጉባኤው በጽሑፍ ቢያቀርቡልን መልካም ነው።