ስንጥቅ ውስጥ የገባ ጠጠር

ሱዳን ውስጥ ያለው መንደር 8 የዋልካ አገር ነው። በበጋ መሬቱ ይሰነጠቅና የልጅ ክንድ የሚያስገባ አፍ ይከፍታል። ገበጣ መጫወት የፈለገ መጀመሪያ መሬቱን ማራስ ነበረበት፤ ውኃ ደግሞ በወረፋ ነበር፤ ስለዚህ ልጆቹ የዕቃ እጣቢ ሲደፋ ጠብቀው፣ የራሰውን በማንኪያ ይጭሩ ነበር። 12 ጉድጓድ፣ 48 ጠጠር። በማግስቱ ጭቃው ሲደርቅ ጉድጓዶቹም አብረው ይሰነጠቁ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ እየቆጠረ ሲጥል የመጨረሻዋ ጠጠር ስንጥቅ ውስጥ ገባች። ድምፅ እንኳ አላሰማችም። “በኔ ጉድጓድ ነው የገባችው፣ የኔ ናት” አለ። ሌላው “መሬት የበላው የማንም አይደለም” አለው። ከዚያ ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

“ቲቸር፣ ሕጉ ምን ይላል?”

ሁመራ ላይ ሂሳብ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ለኔ ሕግ ማለት ሰባት ጊዜ ስምንት ነበር፤ ስደትም፣ ዋልካም አይለውጠውም። የገበጣ ሕግ ግን ስለ ስንጥቅ የሚለው ነገር የለም። ደግሞስ የትኛው የገበጣ ሕግ? ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሰበሰበው የገበጣ ዓይነት ከ100 በላይ ነው። ሁለት ረድፍ አለ፤ በ18 ጉድጓድና በ54 ጠጠር የሚጫወቱት ባለ ሦስት ረድፍም አለ፤ እሱ ከኛ አካባቢ ውጭ የሚገኝ አይደለም። በመንደር 8 ከአንድ ወረዳ የመጡ ሁለት ልጆች እንኳ ሳይጨቃጨቁ አይጀምሩም ነበር። አንዳንዴ ጭቅጭቁ ከጨዋታው ይረዝም ነበር። ለነገሩ ጊዜ ሞልቶን ነበር።

ቤቶቹ ለሌላ ሰው የተሠሩ ናቸው። ሱዳን በላይኛው አትባራና በሰቲት ላይ ግድብ ስትሠራ ለተፈናቀሉ ሰዎች ካቆመቻቸው መንደሮች ስምንተኛው መሆኑ ነው፤ ባዶ የቀሩት ውስጥ ደግሞ እኛ፣ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራዩ ጦርነት ሸሽተን በድንበሯ ሉግዲ በኩል የገባነው፣ ተጠለልን። ሻይ ይሸጥልን የነበረው ሱዳናዊ በራፉ ላይ ሲጃ ይጫወት ነበር፦ 25 ቤት፣ 24 ድንጋይ፣ መሃሉ ባዶ። ዕጣ የለ፣ ዕድል የለ፤ ያየኸውን ያህል ነው። የሱን ጨዋታ ወደድኩት፤ ያሸንፈኝ የነበረውም እሱ ነው።

ከዚያ አንድ የውጭ አገር ወጣት መጣ፤ ለሦስት ሳምንት። በኪሱ 20 ፊት ያለው ዳይስ ነበረው። ልጆቹን ክብ አስቀምጦ፣ በኔ አስተርጓሚነት፣ እያንዳንዳቸውን አንድ አንድ ሰው አደረጋቸው፤ አንዱ ቀስተኛ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ሌባ። ሰሌዳም የለው፣ ድንጋይም የለው። መሪው “ከፊትህ ዋሻ አለ” ይላል፣ ልጁ “እገባለሁ” ይላል፣ መግባቱ ይሳካ እንደሆነ ዳይሱ ይናገራል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባል ጨዋታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ሥርዓቶች ተጽፈዋል፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው አምበር የሚባለው ዳይሱን ጭራሽ አስቀርቶ ሁሉን በመሪው ፍርድ ላይ ጥሎታል። ወጣቱ ይህን ሲነግረኝ ፊቱን አጨፈገገ። “ዳይስ ከሌለ ማን ያምነኛል?” አለኝ።

ለኛ ልጆች እንግዳ አልሆነባቸውም። ዕቃ ዕቃ ተጫውተው ያደጉ ናቸው፤ “አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ እንግዳ” ተባብለው። ሱዳንም የራሷ አላት። በምዕራብ ያሉት የባጋራ ዓረቦች አሸዋ ላይ ጠመዝማዛ መንገድ ይሥላሉ፤ ዳር ላይ መንደር፣ መሃል ላይ የውኃ ጉድጓድ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንዲት እናት አለችው፤ እናትየዋ ልብስ ልታጥብ ትወርዳለች፣ አጥባ ትመለሳለች፣ የምትራመደው የተሰነጠቁ እንጨቶች ተጥለው ባወጡት ልክ ነው። ቀድማ የተመለሰችው ባለቤት ጅቡን ይለቃል፤ ጅቡ የሌሎቹን እናቶች ይበላል። በ1925 እ.ኤ.አ. በሱዳን ኖትስ ኤንድ ሪከርድስ መጽሔት ላይ ተጽፏል። ይህን ለልጆቹ አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ሳምንት ቀስተኛው ጉድጓድ ሊዘል ሲል ዳይሱ 2 አወጣና ሰውየው ሞተ። የልጁ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፣ ግን ተቀበለ፤ ዳይስ ነዋ። በማግስቱ ሌባው ወንዝ ዳር ደረሰ። ይህ ልጅ ሰቲትን በሐምዳይት ተሻግሮ፣ ኋላ ቤተሰቡን ፍለጋ ወደኛ የመጣ ነው። “እሻገራለሁ” አለ። ዳይሱ 3 አወጣ። ወጣቱ “ውኃው ወሰደህ” አለ፤ እኔም ተረጎምኩ፤ ምነው አፌን በያዘው።

ልጁ ብድግ አለ። “ተሻግሬያለሁኮ” አለ። “ባዶ ጄሪካን ብብቴ ስር አድርጌ።”

ወጣቱ መጽሐፉን ገለጠ፣ ዘጋ። ከዚያ ዳይሱን አንስቶ ኪሱ ከተተና “ተሻግሯል” አለ። እኔ እፎይ ልል ስል ቀስተኛው ጮኸ፦ “የኔ ሰውዬስ? እኔም መዝለል እችላለሁ! ለምን ለሱ ብቻ?”

መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም ደህና አድርጌ የለኝም። ለሌባው የተደረገው ምሕረት ነው፤ ምሕረት ደግሞ ፊት ያያል። ዳይስ ዘመድ የለውም። ስምህ ማነው፣ ከየት ነህ ተብሎ ሲፈረድ አይቶ ለመጣ ሰው፣ ስም የማይጠይቅ ዳኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያ ሳምንት ጾመ ነነዌ ነበር፤ የካቲት 15 ገብቷል። መርጌታ ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ነበሩ። ዳይሱን ከመጀመሪያው አልወደዱትም፤ የጌታን ልብስ በዕጣ የተከፋፈሉትን ጭፍሮች ያስታውሳቸዋል። “ማትያስስ በዕጣ አይደል ከሐዋርያት የተቆጠረው?” ብዬ ተከራከርኳቸው።

“እሱ ጸሎት የቀደመው ዕጣ ነው፣ ልጄ። ይልቅ የዮናስን ተመልከቺ” አሉኝ። “ዕጣው በዮናስ ላይ ወደቀ። ከእግዚአብሔር የመጣ፣ ያልተሳሳተ ዕጣ ነው። እሱም ራሱ ጣሉኝ ብሏል። መርከበኞቹ ግን ምን አደረጉ?”

“ወደ ባሕር ጣሉት።”

“ኋላ ነው። መጀመሪያ ቀዘፉ። ወደ የብሱ ሊመልሱት ቀዘፉ፤ አልሆነላቸውም እንጂ።”

መጽሐፉን ስንት ጊዜ ሰምቼው ይህን ልብ አላልኩም። አረማውያን ናቸው፤ ማዕበሉ መርከባቸውን ሊሰብር ነው፤ ዕጣው ተናግሯል፤ እነሱ ይቀዝፋሉ።

ዕቁባችን ትዝ አለኝ። ሁመራ ላይ የመምህራን ዕቁብ ነበረን፤ አንድ ወር ዕጣው ለኔ ወጣ። ባሏ ሆስፒታል የተኛባት አንዲት ባልደረባ ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ምንም አላለችም። የዕቁቡ ዳኛ ወረቀቱን አነበበ፣ መልሶ አጠፈውና “እስቲ ሻይ እንጠጣ” አለ። ዕጣውን አልሻረም። ልቀቂላት ያለኝም የለም። ሻዩን ግን እየተናደድኩ ነው የጠጣሁት፤ ምን እንደሚጠብቁብኝ ገብቶኛላ። ብርጭቆው ሲያልቅ “ለሷ ይሁን” አልኩ። እሺ ባልልስ? ብሩ የኔ ነበር፤ ዳኛውም ቆጥሮ ይሰጠኝ ነበር። ሻይዋ ናት የምትገርመኝ።

ሰንጠረዥ የምንለው የድሮው ቼዝም ከሕጉ ጎን ለሰው ፍርድ እንዲህ ያለ ቦታ ይተዋል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት በ1805 እ.ኤ.አ. ትግራይ ሲገባ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱት አግኝቷቸዋል። መጀመሪያው ወረራ ይባላል፤ ተራ የለም፤ ሁለቱም እንደፈለጉ መደቁንም (ወታደሩን) ፈረሱንም ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ አንዱን እስኪበላ ድረስ። ከዚያ በኋላ ነው ተራ የሚጀመረው። ሲያልቅም ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፤ በደር (በግንቡ) ወይም በፈረስ የገደለ ያን ያህል አይደነቅም፣ በመደቅ የገደለ ይመሰገናል። ተጋጣሚው ንጉሡ ብቻ ከቀረው ደግሞ ተሸነፈ አይባልም። ሂሳብ አስተማሪ እንዲህ ያለ ሕግ መውደድ አልነበረባትም።

መርጌታን “ታዲያ ቀስተኛው ልጅ ምን ይባል?” አልኳቸው። “ለሱ ማን ቀዘፈለት?” አሉኝ። ማንም። እኔም እዚያው ነበርኩ።

ወጣቱ ሄደ፤ ዳይሱንም ይዞ ሄደ። ልጆቹ ከልብስ ሳሙና ስድስት ፊት ያለው ቀረጹ፣ ነጥቡን በምስማር ወጉ። ለቀስተኛው “ሰውዬህን እናስነሳልህ” አሉት። እንቢ አለ። “የሞተ ሞቷል። እኔ ግን ዳኛ ልሁን።” አደረጉት። እንደሱ ያለ ጨካኝ ዳኛ አላየሁም፤ በአንድ ከሰዓት ሐኪሟን ጨምሮ አራት ሰው ገደለ፣ ማንንም አላስለመነም። ወንዝ ሲመጣ ብቻ ሳሙናውን በእጁ ሸፍኖ “እዚህ አይጣልም፣ እለፉ” ይል ነበር። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፣ የጠየቀውም አልነበረም።

ጠጠሯን በሽቦ ሊያወጧት ሞክረው ይብስ ወደ ታች ሄደች። በ47 ጨረሱ። ሳሙናውም ብዙ አልቆየ፤ ጠርዙ እየዶለዶመ 4 ብቻ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ወደ ጡናይድባ የስደተኞች ካምፕ ልንዛወር ስንሰናዳ የዳኛው እናት ልብስ አጠበችበት።