መጽሐፉን የተቀበለው አገልጋይ



ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 4፣ ጌታችን በናዝሬት ምኵራብ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ እንዳነበበ ሲተርክልን፣ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈውን አንድ ሰው ያሳየናል። ይህም ጌታ አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ጠቅልሎ የመለሰለት የምኵራቡ አገልጋይ ነው። ስሙ አልተጻፈም፤ የተናገረው ቃልም የለም። በዚያች ሰዓት የሁሉ ዓይን ያረፈው በጌታ ላይ ነበር።

መዝሙርና ተሰጥዎ በፕሮጀክተር በሚታይባቸው ቁምስናዎቻችን፣ ሪሞት ይዞ ገጹን የሚያዞረው ሰው የዚህ አገልጋይ ወራሽ ነው እንላለን። መሣሪያዋ ትንሽ ናት፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሰካው መቀበያ ምልክቷን በሬዲዮ ሞገድ ስለሚቀበል፣ ከሕዝቡ መካከል ተቀምጦ አንዲት ቁልፍ መጫን ይበቃል። በዚያች ቁልፍ ግን ጉባኤው የሚጸልየው ቃል ይመጣል፤ ይሄዳልም። የመጨረሻው ስንኝ ሳይዘመር ገጹ ከተዞረ፣ መዝሙሩን በቃሉ የማያውቅ ሰው በጸሎቱ መካከል ዝም ለማለት ይገደዳል።

ስለዚህ ሪሞቷን ማን ይያዛት? ቀዳሹ ካህን አይያዛት፤ ለመሥዋዕቱ በተዘረጉ እጆች ላይ ሌላ ሥራ ሊጨመር አይገባምና። ከሕዝቡ ጋር አብሮ የሚዘምር ሰው ይያዛት፤ እርሱ ሕዝቡ የት እንደሚተነፍስ ያውቃል። በግእዝ ሥርዓት በምንቀድስበት ስፍራ ደግሞ አንዱ ቃል በዜማ ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ፣ ዜማውን ሳያውቅ ጽሑፉን ብቻ የሚከተል ሰው መቸኮሉ አይቀርም። (ባትሪውም ቅዳሜ ማታ ይፈተሽ፤ በእሑድ ቅዳሴ መካከል ባትሪ መፈለግ ለማንም አይበጅም።)

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ባወጣው የሥርዓተ አምልኮ ድንጋጌ ቁጥር 14፣ ምእመናን በሙላት፣ እያወቁና በንቃት እንዲሳተፉ ይሻል። በቁጥር 30 ግን ስለ ተሰጥዎና ስለ ዝማሬ ከተናገረ በኋላ፣ በተገቢው ጊዜ የተቀደሰ ጸጥታ እንዲጠበቅ ያዛል። ብዙዎቹ ሪሞቶች ግድግዳው ላይ የሚታየውን የሚያጠቁር ቁልፍ አላቸው፤ በእኛ አስተያየት ከቁልፎቹ ሁሉ እጅግ የተዘነጋው ይህ ነው። ከቅዱስ ቊርባን በኋላ በልባችን ስንጸልይ ይጥቆር። ወንጌል ሲነበብም እንዲሁ፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 10 እምነትን ከመስማት ጋር አያይዟታልና። መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ግን ጽሑፉ እንደ ጆሮ ስለሚሆናቸው፣ እነርሱ ባሉበት ጉባኤ ይህ ሊጸና አይገባም።

መምህራን ሆይ፣ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ልጆቻችን ጸሎተ ሃይማኖትን እንኳ ከግድግዳ መፈለግ ከለመዱ፣ ነገ በሕመም አልጋ ላይ ሲሆኑ ምን ይዘው ይጸልያሉ? በዚያ ስፍራ ገጽ የሚያዞርላቸው የለም። ስለዚህ በወር አንድ እሑድ ያለ ፕሮጀክተር ይቀደስ ዘንድ ከቆሞሳችሁ ጋር ተመካከሩ። በዚያም ቀን የሕዝቡ ድምፅ የት ላይ እንደሚደክም አድምጣችሁ፣ የሚቀጥለውን ትምህርት ከዚያው ጸሎት ጀምሩ።