ከዱላው በፊት ያለው ሦስት ዓመት



ውድ አንባብያን! «ልጄ አስቸገረኝ፤ ብመታውም አልሰማ አለ» የሚለውን ሮሮ በየጎረቤቱና በየመስጊዱ በር እሰማለሁ። ለምን ትመታዋለህ ያልኩት ወላጅ ወዲያው ሐዲስ ይጠቅስልኛል፤ ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው በሶላት ጉዳይ ይመታል ይለኛል።

አቡ ዳውድ የዘገቡት ይኸው ሐዲስ ግን የሚጀምረው ከዐሥር ሳይሆን ከሰባት ነው። በሰባት ዓመቱ እዘዙት ይላል። በመካከሉ ሦስት ዓመት አለ። በቀን አምስት ሶላት ሲታሰብ ከ5,000 ጊዜ በላይ መጥራት፣ ማሳየት፣ አብሮ መቆም ማለት ነው። ዑለማዎችም ለምቱ ገደብ አበጅተውለታል፤ ፊት አይነካም፣ ጉዳት አያደርስም። 5,000ውን ዘለን ዱላው ላይ ስንደርስ ሱናን ፈጸምን ማለት እንችላለንን?

ልጅን ማረም ሙያ ነው፤ ሙያ ደግሞ ይማሩታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጄራልድ ፓተርሰን እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ነገር በየቤታችን አለ። ልጁ ከረሜላ ብሎ ያለቅሳል፤ እናት ትከለክላለች። ለቅሶው ሲበረታ ትሰጠዋለች። ልጁ ጩኸት እንደሚያዋጣ፣ እናትም መስጠት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማሩ። ነገ ጩኸቱ ይብሳል፤ ዱላውም ይከተላል። ስለዚህ የሚሠለጥነው አስቀድሞ ወላጁ ነው። በጎ ሥራን አይቶ ወዲያው ማመስገን፣ ትእዛዝን አጭርና ግልጽ ማድረግ፣ የከለከሉትን በለቅሶ ብዛት አለመስጠት፣ የተናገሩትን ሳይጮኹ መፈጸም ይማራል።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ ልጅ ሳለ እጁ በሳሕኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አላንቋሸሹትም። የአላህን ስም እንዲጠራ፣ በቀኙና ከፊቱ እንዲበላ ብቻ ነገሩት። የነገሩት ማድረግ ያለበትን ነው። ከዚያ ወዲህ አበላሉ እንደዚያው መሆኑን ራሱ መስክሯል። ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

ወላጆች ሆይ! ልጅ ከአላህ የተሰጠን አማና ነው። መድረሳዎቻችን ልጆችን ቁርኣን ሲያስቀሩ ለአባትና ለእናትም በሳምንት አንድ ሰዓት ቢመድቡ፣ ልጁ መድረሳ የተማረውን አደብ ቤቱ አያፈርስበትም ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ፣ እኛንም ታጋሾች ያድርገን። አሚን።