ወዳጅን የሚበላ ወዳጅ

በኢንዶኔዥያ፣ በጃቫ ደሴት የሩዝ ማሳዎች ውስጥ ውሃው ላይ የምትሮጥ ሸረሪት አለች። ድር ዘርግታ አትጠብቅም፤ አሳድዳ ነው የምትይዘው። ለዚህም ነው ተኩላ ሸረሪት የሚሏት። ገበሬውን የምትጠቅመው ቡናማዋን የሩዝ ዘላይ ስለምትበላለት ነው። ዘላይዋ ከአንድ የሩዝ ፍሬ ታንሳለች፤ ግን በዝታ የአገዳውን ፈሳሽ ስትመጠው ማሳው እሳት እንደለበለበው ይደርቃል።

እዚያው ማሳ ውስጥ ሌላም አጋዥ አለ፤ የአልጋ ትኋን የሩቅ ዘመድ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ ነፍሳት። ሥራው የዘላይዋን እንቁላል እየፈለገ መምጠጥ ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ሸረሪቷ እሱንም ትበላዋለች።

እና እሷን ምን እንበላት? የግብርና ሰዎች ሁለቱንም «ጠቃሚ» ከሚለው መደብ ይከቷቸዋል። ቃሉ ግን «ለማን?» የሚለውን ጥያቄ ዋጥ አድርጎ ነው የሚሄደው። «ተባይ»ም ያው ነው፤ የእንስሳው ጠባይ ሳይሆን የእኛ ጓዳ ነው የሚናገረው። ሸረሪቷ ከዳች ለማለት ደግሞ መጀመሪያ ቃል መግባት ነበረባት። (ነገሩን ወደ ሰው ለማዞር የምትቸኩሉ ካላችሁ እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ሰው ቃል ይገባል።)

«ተፈጥሮ ናት፣ ምን አገባን» የሚለው መልስም አይጥመኝም። ማሳው ጫካ አይደለም። ገበሬው አርሶታል፣ ውሃ አስገብቶበታል፣ ልጆቹ ከዚያ ይበላሉ። ዳር ቆሞ «ይለይላቸው» ሊል አይችልም።

ጣልቃ ሲገባስ? በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የኢንዶኔዥያ መንግሥት ፀረ ተባይ መርዝ በድጎማ አርክሶ ያቀርብ ነበር፤ ገበሬውም ረጨ። መርዙ ሸረሪቷንም አረንጓዴውንም ጨረሰ። ዘላይዋ ግን እንቁላሏን የምትጥለው በተክሉ ገላ ውስጥ ስለሆነ ብዙው ተረፈ። የተፈለፈሉት ጫጩቶች ጠላት የሌለበት ማሳ ጠበቃቸው። እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ሱሃርቶ 57 ዓይነት መርዞች ሩዝ ላይ እንዳይረጩ አገዱ። በኋላም ገበሬዎች ማሳ ውስጥ የሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሸረሪትና ዘላይ አንድ ላይ ከድነው ማን ማንን፣ ስንት እንደሚበላ በዓይናቸው ያዩ ነበር።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ገና ዘላይዋ ሳትመጣ፣ ሩዙ ለጋ ሳለ፣ ሸረሪቷን የሚያቆዩዋት ከብስባሹ የሚራቡ ጥቃቅን ዝንቦች ናቸው። ወዳጅም ጠላትም የማይባሉ፣ ከመዝገቡ ውጪ የሆኑ። እነሱን ብታጣ ዘላይዋ ስትደርስ ማሳው ውስጥ አትገኝም ነበር። አረንጓዴውን ስትበላም ለዚያው ነው፤ ነገ ለመድረስ።

ሂሳቡ ሁሌ ለገበሬው ይሰምራል እያልኩ አይደለም። አንድ አረንጓዴ በተበላ ቁጥር ሳይመጠጥ የቀረ እንቁላል አለ፤ እንቁላሉም ይፈለፈላል። ኪሳራው እውነተኛ ነው፤ የሚከፍለውም ስለ ሸረሪት ጠባይ የምንፈላሰፈው እኛ አይደለንም።

ታዲያ ገበሬው ሸረሪቷ አረንጓዴውን ነክሳ ቢያያት ምን ያድርግ? ከአፏ ማስጣል አይችልም። መርጫውን ቢያነሳ ሁለቱንም ነው የሚያጣው። የሚቀረው ጎንበስ ብሎ መቁጠር ነው፤ በዚህ የሩዝ እግር ላይ ስንት ዘላይ አለ፣ ስንት ሸረሪት፣ በቀጣዩስ?