ግማሽ ክኒን

 

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ለአስምህ ሞንቴሉካስት ታዞልህ ማታ ማታ ባለ 10 ሚሊግራሙን አንድ ፍሬ ትውጣለህ እንበል። የስምንት ዓመቱ ወንድምህን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስለው አሳዘነህ፤ ክኒኑን ለሁለት ሰብረህ ግማሹን ሰጠኸው። ኒያህ እዝነት ነው። ግን ኒያ ብቻውን ይበቃል?

በእሱ ዕድሜ ላለ ልጅ የሚታዘዘው 5 ሚሊግራም ስለሆነ ሒሳቡ የገጠመ ይመስላል። ሳሉ የአስም መሆኑን ግን ማን መረመረ? ይህ መድኃኒት አንዳንዱን ሰው ያቃዠዋል፣ ጠባዩን ይለውጠዋል፣ ራሱን ስለመጉዳት እስከማሰብም ያደርሰዋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ጠንካራ ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ለዚህ ነው። አንተን ሐኪምህ ይከታተልሃል። ልጁ እየጮኸ ቢነቃ ግን እናትህ ከክኒኑ ጋር አታገናኘውም፤ መስጠትህን አታውቅማ! ገላው አማና ነው፤ ያለ እውቀት የሚሞከርበት አይደለም።

(አንተም የትናንቱን ከረሳህ ዛሬ ሁለት አትውጥ።)

ሰበብ ማድረስ ከፈለግክ ጠዋት ጤና ጣቢያ ውሰደው። ዛሬ ሌሊት ትንፋሽ ካጠረው ግን ይህ ክኒን ለድንገተኛ አይሆንም፤ ንጋትን ሳትጠብቅ ይዘኸው ውጣ።