የቆመ ሞተር ሞቷል ወይ?

በጋይንትም ሆነ በስማዳና በእስቴ፣ ከዋናው መንገድ ወጣ ባለ ቀበሌ የእህል ወፍጮ «ባቡር» ይባላል። ቃሉ ከባሕር ማዶ፣ ከእንፋሎት መኪና ጋር የመጣ ነው፤ ሕዝቡ እንፋሎቱን ትቶ ስሙን ለናፍጣው ሞተር ሰጠው። ስለዚህ አንዲት የጋይንት ሴት «ባቡር ሄጄ መጣሁ» ብትል እህል አስፈጭታ ተመለሰች ማለት ነው እንጂ ድሬዳዋ ደርሳ መጣች ማለት አይደለም።

ይህ ባቡር አንዳንዴ ይቆማል። ናፍጣ ይጠፋል፤ መለዋወጫ ይታጣል፤ ባለቤቱ ይሞትና ልጆቹ በውርስ ይካሰሳሉ፤ ወይም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. እንደሆነው ጦርነት እስከ ነፋስ መውጫ ይመጣና ሰው ቤቱን እየጣለ ይሸሻል። ሞተሩ አይሸሽም። በቆርቆሮው ቤት ውስጥ አቧራና የዱቄት ብናኝ ለብሶ ይሰነብታል፤ ይከርማል፤ ይባስ ሲልም ዓመታት ያልፉታል። በመጨረሻ ሰው ይመለስና ማኖቬላውን ጨብጦ ያዞራል። ሞተሩ አልነሳም ይላል። ይሄኔ አንዱ ይነሳና «ሞቷል፤ ለብረት ይሸጥ» ብሎ ይፈርዳል። እኛም ልናነሳው የምንፈልገው ጥያቄ ከዚህች «ሞቷል» ከምትለው ቃል ላይ የተንጠለጠለ ነው። አንድ ነገር ሞተ ብሎ የመፍረድ መብት የማነው? ከመፍረዱስ በፊት ምን ማድረግ ይጠበቅበታል?

ይህማ የመካኒክ ጥያቄ ነው፣ ፍልስፍና ምን አገባው የሚሉን ጓደኞች አይጠፉም። እንግዲያው ጥቂት ወደ ግሪክ እንሻገር። አሪስቶትል «ሜታፊዚክስ» በተባለው መጽሐፉ የሜጋራ ሰዎች ከሚባሉ ፈላስፎች ጋር ሙግት ገጥሟል። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ችሎታ አለው የሚባለው በሥራ ላይ ሳለ ብቻ ነው ባዮች ነበሩ። ግንበኛ ግንበኛ የሚሆነው ሲገነባ ነው፤ እጁን ካነሳ ግንበኛነቱ አለቀ። አሪስቶትልም፣ ታዲያ ይህ ሰው ሥራውን ባቆመ ቁጥር ጥበቡን የሚያጣ ከሆነ እንደገና መገንባት ሲጀምር ከየት ያመጣዋል? በእናንተ አነጋገር ከሄድንማ የተቀመጠ ሰው መቼም ሊነሳ አይችልም ማለት ነው ይላቸዋል።

«ለብረት ይሸጥ» ያለው ሰው ሳይታወቀው የሜጋራ ደቀ መዝሙር ሆኗል። የማይሠራ ስለሆነ መሥራት አይችልም ብሎ ደምድሟልና። ይሁን እንጂ አሪስቶትልንም እንዳለ መቀበል ያስቸግራል። ግንበኛው ሲያርፍ ጉልበቱ ይታደሳል፤ ብረት ግን ዕረፍት አይወድም። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው ከካንዴላ አይደለም። ፒስቶኑ አየሩን አፍኖ እስኪግል ድረስ ይጨቁነዋል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣው ሲረጭ ይቀጣጠላል። የፒስቶኑ ቀለበቶች፣ መካኒኮቹ ፋሻ የሚሏቸው፣ በደረቀ ዘይት ተጣብቀው ከቀሩ አየሩ ሾልኮ ይወጣል። ቫልቩ ዝጎ በደንብ ካልገጠመም እንደዚያው ነው። ካልታፈነ አይግልም፤ ካልጋለ አይነድም። በዚህ ላይ በጋኑ ግርጌ ውኃ ይጠራቀማል፤ ፊልትሮው ይደፈናል፤ በቧንቧው ውስጥ አየር ይገባል። ከእነዚህ አንዱም ሞት አይደለም። ከውጭ ቆሞ ለሚያይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ዝምታ ነው። ስለዚህ በሕይወትና በሞት መካከል ሌላ ሁኔታ አለ ማለት ነው፤ ይችል የነበረ፣ አሁን የማይችል፣ ግን መቻል ያልጠፋበት።

በዚህ ሁኔታ ላይ ላለ ነገር ምን ይደረግለታል? የጎረምሳው መልስ የታወቀ ነው፤ በርታ በርታ! ተራ በተራ ማኖቬላውን መጨበጥ፣ ላብ እስኪንጠባጠብ ማሽከርከር። ትጋት መልካም ነገር ነው እየተባልን አድገናል፤ ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ እስከ ዛሬ ስንሰማ የኖርነው ይህንኑ ነው። እኛ ግን በዚህ ነገር እንጠራጠራለን። ለጥርጣሬያችን ዋናው ምስክር ደግሞ ጋይንት ውስጥ የሌለ ሞተር ነው።

ጀርመናዊው ፊሊክስ ቫንክል የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ1957 ኤንኤስዩ በተባለው ኩባንያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሳው ሮታሪ ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚል ፒስቶን የለውም። በእርሱ ፈንታ ሦስት ማዕዘን ያለው ሮተር በሞላላ ቤት ውስጥ እየተሽከረከረ ይሠራል። እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የጃፓኑ ማዝዳ በመኪና እየገጠመ ሸጦታል። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ፤ በቦያቸው ውስጥ ሆነው በስፕሪንግ እየተገፉ ግድግዳውን እየታከኩ አየሩን ያፍናሉ። ሞተሩ ለብዙ ጊዜ ከቆመ ማሸጊያዎቹ በጥላሸትና በደረቀ ዘይት ከቦያቸው ይጣበቃሉ። ባለመኪናው ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ይጮኻል፤ እሳት የለም። ደግሞ ያዞራል፤ ደግሞ። ባዞረ ቁጥር ቤንዚን ወደ ውስጥ ይገባል። የገባው ቤንዚን ግድግዳው ላይ የቀረችውን የዘይት ወዝ ያጥባታል። ያቺ ወዝ ደግሞ ማሸጊያዎቹን የምታግዝ ነበረች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ሲሞክር ትንሽ አየር ያፍን የነበረው ሞተር ከሃያ ሙከራ በኋላ ጭራሹን ማፈን አይችልም። ያደከመው ማነው? ቀኑን ሙሉ ሲተጋ የዋለው ሰው!

መድኃኒቱ የሰነፍ ሥራ ይመስላል። ቤንዚኑን መዝጋት፣ ካንዴላዎቹን ፈትቶ የሞላውን ማስወጣት፣ ጥቂት ዘይት ማፍሰስ፣ በእጅ ቀስ እያደረጉ ማዞር፣ ከዚያ መጠበቅ። የወፍጮው ሞተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ኖዝሉ ተፈትቶ በቀዳዳው ዘይት ይንጠባጠብበታል፤ ይሰነብታል፤ በማግስቱ እንደ ሕመምተኛ ክንድ ጥቂት ወዲህ ጥቂት ወዲያ ይባላል። በደረቁ በጉልበት ያዞሩት እንደሆነ ግን ዝገቱ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል። ያን ጊዜ «ሞቷል» ያለው ሰው እውነተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ራሱ ገድሎት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ነው፤ ታጋሽ ሁን፣ አትቸኩል፣ ዘይት አፍስስ። እዚህ ላይ ብናቆም ብዙ ሰው ያጨበጭብልን ይሆናል። ነገር ግን የቆመ ብረት ሁሉ ይነሳ አልተባለም። ጋፋት ላይ የተቀለጠውና ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከደብረ ታቦር በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል፤ ዛሬም እዚያው አለ። ይተኩስ የሚል ሰው አልሰማንም፤ ቢል የሚሰማውም የለም። ሞተሩን ከመድፉ የሚለየው ከበሩ ላይ እህሏን ተሸክማ የቆመች ሴት መኖሯ ነው። ትዕግሥት የሚባለውም ነገር ከእሷ ፊት ሲቀርብ መልኩ ይለወጣል።

መካኒኩ «ሳምንት ዘይት ይጠጣ» ሲል ያ ሳምንት ከየት የመጣ ነው? ባቡር በቆመበት ቀበሌ ወይ አህያ ጭኖ ወደ ሌላ ቀበሌ መሄድ ነው፤ ወይ መጅና ወፍጮ ፊት መንበርከክ ነው። በደጋው ገብሱ፣ በቆላው ማሽላው በእጅ ይፈጫል፤ ሌሊት ዶሮ ሳይጮህ ተነስቶ። ከነዚህ እናቶች አንዷ «ልጆቼ፣ ሞተሩ ተኝቷል እንጂ አልሞተም አላችሁ፤ ይሁን፤ እኔ ግን አልተኛሁም» ብትለን አሪስቶትልን ጠቅሰን እንመልስላታለን እንዴ? «ለብረት ይሸጥ» ያለው ሰውዬም በዚህ በኩል ሲታይ እንደዋዛ የሚናቅ አይደለም። ሽጦ በሚያገኘው ገንዘብ ላይ አዋጥተን አዲስ እንግዛ፣ ተስፋ እያደረግን ሴቶቻችን ጀርባቸው አይጉበጥ ብሎ ከሆነ ሐሳቡ የርኅራኄ ሐሳብ ነው።

እኛ ታዲያ የቱ ጋ ቆምን? ሞተሩ ይሞከር ከሚሉት ጋር ነን። ምክንያታችን ግን ከብረቱ የመጣ ብቻ አይደለም። የተሸጠ ሞተር ተመልሶ አይገዛም፤ የተሞከረ ግን ነገ ሊሸጥ ይችላል። ስሕተቱ የሚታረመው በአንደኛው መንገድ ብቻ ነው። ሆኖም ሙከራው ቀን ይቆረጥለት እንላለን። ማብቂያ የሌለው ትዕግሥት ጥሎ ከመሄድ በምን ይለያል? ደግሞም ቀኑን የሚቆርጡት ማኖቬላ የሚጨብጡት ሰዎች ብቻቸውን ከሆኑ ቀኑ ይረዝማል፤ የሌላ ሰው ድካም ሁልጊዜ አጭር ሆኖ ይታያላ!

በየስብሰባው ስለ ናፍጣ ዋጋ ይነሳል፤ ስለ መለዋወጫ፣ ስለ መካኒክ አበል፣ ቺንጊያው ከየት እንደሚመጣ ይነሳል። ወንድ ልጅ መጅ ቢይዝ በሚሳቅበት አገር፣ ሞተሩ ዘይት ጠጥቶ በሚሰነብትባቸው ቀናት ከወፍጮው ፊት ማን እንደሚንበረከክ ሲነሳ ግን እስካሁን አልሰማንም።